የማያስቸግር ልጅ

እቴቴ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላ ከተቀመጠው ባልዲ የሕፃኑን የሽንት ጨርቆች እያወጣች፣ ሳፋው ውስጥ ከመንከሯ በፊት አንድ በአንድ በመዳፏ ትመዝናለች። ልማድ ሆኖባት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራችበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ማሽኖች ከልክ በላይ ከጫኗቸው ቀጥ ብለው የሚቆሙ ግትሮች ስለነበሩ፣ አጣቢዎቹ የእርጥብ ልብስን ክብደት በክንዳቸው ማወቅ ነበረባቸው። እሷማ ዓይኗን ጨፍና አንሶላው ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ትናገር ነበር፤ ከወላዶቹ፣ ከቀዶ ጥገናው፣ ከሕፃናቱ። የመጀመሪያው ጨርቅ ቀላል ነው። ሁለተኛውም ቀለላት። ሦስተኛውን አነሳችና እጇ አየር ላይ ቀረ። ጨርቁ ከመሃሉ ብቻ ትንሽ ረጥቧል፤ እርጥበቱም ላይ የሸክላ ብናኝ የመሰለ ቀይ ነገር ተለጥፎበታል። ባልዲውን ዘቅዝቃ አየችው። ሌላ የለም። ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት ሦስት ጨርቅ። የልጅ ልጇ ዛሬ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው።

ገርበብ ባለው የመኝታ ቤት በር በኩል የልጇ ሚስት ትታያለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ታያለች። ወረቀቱን የሠራው ባሏ ነው። የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲያስወጣና ሲያስገባ ይውላል። ሚስቱ ወልዳ ከሆስፒታል ስትወጣ ስለ ማጥባት የተነገራቸውን ነገር እቤት እንደገባ በማስመሪያ አስምሮ፣ መነሻውን በሰማያዊ መድረሻውን በቀይ ጽፎ፣ ከቀኝ ጡት አሥራ አምስት ደቂቃ ከግራ አሥራ አምስት ደቂቃ ብሎ ለጠፈው። መጀመሪያ በየሦስት ሰዓቱ ነበር። ሳምንት ሲሞላው ሕፃኑ ድብን ብሎ መተኛት ጀመረ፤ አባትየውም ወረቀቱን ቀይሮ በየአራት ሰዓቱ አደረገው፣ የሌሊቱን ስምንት ሰዓትም ጭራሹን ሰረዘው። "ተሳፋሪ ሲቀንስ ምልልስ ይቀነሳል" ብሎ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። እቴቴም አብራ ሳቀች። አሁን ያንን ሳቅ ስታስበው አፏ ውስጥ የሳሙና ጣዕም መጣባት።

እዚህ ቤት ከመጣች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ከከተማው ማዶ ያለችውን አንድ ክፍል ቤቷን ቆልፋ፣ አራሷን ላግዝ ብላ ነው የመጣችው። በመጣች ማግስት ሕፃኑ ሲነጫነጭ ሰምታ "ሲፈልግ ስጪው እንጂ ልጄ" ብላ ነበር። ልጇ ግን ፈገግ ብሎ "እቴቴ፣ ያንቺ ጊዜ ሌላ ነበር" አላት። ክፉ አልተናገራትም፤ ትከሻዋን ሁሉ መታ መታ አድርጓታል። ምራትየው ወለሉን አየች። ከዚያ ወዲህ እቴቴ ምላሷን ዋጠች። በሰው ትዳር ገብታ የምታንቦጫርቅ አማት መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ጎረቤቶቿ ሲያወሩ አምሽተው ያውቃሉ። ስለዚህ ታጥባለች፣ ሾርባ ትሠራለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ሰው ሲመጣ ወንበር ታቀርባለች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጣችው ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ጎረቤት ናት። የሕንፃው ሰው "ሬዲዮ" ይላታል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሆነውን ሁሉ መሬት ሳይደርስ ስለምታሰማ ነው። ስሙን እሷም ታውቀዋለች፣ አትቀየምበትም።

"እስቲ ልየው ይሄን ጌታ!" ብላ አልጋው ላይ አጎነበሰች። "አሁንም እንቅልፍ? እኔ እኮ ከጎኔ ሕፃን ያለ አይመስለኝም። የኔዎቹ ይሄን ሕንፃ ሊያፈርሱት ምንም አልቀራቸው!"

"አያስቸግርም" አለች ምራትየው። ፊቷ ላይ የዛሬው የመጀመሪያ ፈገግታ መጣ።

"ታድለሽ! እኔ ስድስት ወር ሙሉ ቆሜ ነው የተኛሁት። ባሌማ ትራሱን ተሸክሞ እናቱ ጋ ገባ። እማማ፣ እርስዎ ነዎት በሳሙና አጥበው ተንኮሉን ያስለቀቁት?"

እቴቴ ለመሳቅ ሞከረች። ዓይኗ ግን ከምራቷ ፈገግታ ላይ አልነሣ አላት። ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ራሷ ፊት ላይ ነበር። የማጠቢያ ክፍሉ ኮሪደር ጫፍ ላይ ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያቆዩባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ በአንድ ፈረቃ ሁለት ጊዜ ብቻ ገብቶ ማጥባት ይፈቀዳል። እሷ ከካውያው እንፋሎት ወጥታ፣ ላቧን በሽርጧ እየጠረገች ስትገባ ጠባቂዋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላታለች። "ያንቺዋ ጨዋ ናት፤ አንድ ቀን እንኳን አላስቸገረችኝም።" የሌሎቹ እናቶች ልጆች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ። የእሷ ልጅ ተኝታለች። እሷም ትኮራ ነበር። በቀን አሥራ አንድ ታጥብላት የነበረው ጨርቅ ሰባት ሆነ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት። እጇ አውቆታል። ክብደቱን ቁልጭ አድርጎ አውቆታል። ግን ሙገሳው ጣፋጭ ነበርና እጇ ያወቀውን አፏ አልተናገረውም።

ሬዲዮ ወጥታ በሩ ሲዘጋ አራት ሰዓት ሆነ፤ የወረቀቱ ሰዓት ነው። ምራትየው ሕፃኑን ከነመጠቅለያው አነሣችውና ወደ ቀኝ ጡቷ አስጠጋችው። አፉን ለመክፈት ጊዜ ወሰደበት። ያዘ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ጎተተና አገጩ ቆመ። እቴቴ አቧራ የምትጠርግ መስላ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። የሚጠባ ሕፃን ሲውጥ ይሰማል፤ ትንሽ እንደ ትንፋሽ ያለች "ክህ" የምትል ድምፅ አለችው። የለችም። የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ምራትየው ወረቀቱን ቀና ብላ አየችና ወደ ግራ አዞረችው። እዚያም ተኛ።

"ጠገበ" አለች።

"ጠገበ?" አለች እቴቴ። ድምፅዋ ጥያቄ እንዲመስል አልፈለገችም ነበር።

"ጡቴም ቀሎኛል እማማ። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ድንጋይ ሆኖ ሌሊት ሁሉ ሸሚዜን ያርሰው ነበር። አሁን ለመደ መሰለኝ።"

እቴቴ መጥረጊያ ጨርቋን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። ቧንቧውን ከፈተችና ምንም ሳታጥብ ውሃው ሲወርድ አየችው። ለመደ። ያኔም ለምዷል። ከሌሎቹ ሕፃናት ጩኸት የተነሣ ከቀሚሷ አልፎ ሽርጧን ያበሰብስ የነበረው ወተት አንድ ቀን ቀጥ ሲል፣ ጓደኞቿ "ተገላገልሽ" ብለዋታል። ከኋላዋ ክፍሉ ዝም ብሏል። ዝምታው የዚህ ቤት አልመስል አላት፤ የሌላ ክፍል ዝምታ ነው፣ ያረጀ፣ እንፋሎት እንፋሎት የሚሸት። ቧንቧውን ዘጋችና ዞር አለች። ኩሽናው በር ላይ ማንም አልቆመም። ቢሆንም አንድ ሰው ቆሞ መልስ የሚጠብቃት ይመስል እዚያው በሩን እያየች ቆየች።

ልጇ ለምሳ የገባው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በሰማያዊ የደንብ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ። ጫማውን ሳያወልቅ አንገቱን ወደ መኝታ ቤቱ አስገባ።

"ትንሹ ሹፌር እንዴት ነው? በሰዓቱ እየወጣ ነው?"

"በሰዓቱ" አለች ሚስቱ።

ከመኝታ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠረጴዛ ተቀመጡ። እቴቴ ሾርባውን እየቀዳች ነበር። ልጇ ስለ አንድ ሹፌር ያወራል፤ ሰባት ደቂቃ ቀድሞ ወጥቶ አርባ ሰው ፌርማታ ላይ እንዳስቀረ፣ እንዴት ልክ እንዳስገባው። "ለኔ ቀድሞ የወጣና ዘግይቶ የወጣ አንድ ናቸው" አለ፣ ዳቦውን እየቆረሰ። በዚህ መሃል አልጋው ላይ ሕፃኑ ተንቀሳቀሰ። አላለቀሰም። ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ አፉን ከፈት አደረገ፣ እጁ ከመጠቅለያው አምልጦ ወጣና ጉንጩን እየፈተሸ አፉ ጋ ደረሰ። ምራትየው ከወንበሯ ብድግ አለች። ወረቀቱን አየች። ስምንት ሰዓት ሊሞላ አንድ ሰዓት ከሩብ ይቀረዋል። ባሏን አየች።

"ተይው፣ ራሱ ይረጋጋል" አለ እሱ።

ተቀመጠች። እውነቱን ነው፤ ትንሽ ቆይቶ እጁ ወደቀ፣ አፉ ተዘጋ፣ ተረጋጋ። እቴቴ ያንን መረጋጋት አየችው። ጭልፋውን ድስቱ ላይ አስቀመጠች።

"ተነሽና ስጪው" አለች።

"እቴቴ—"

"ለሷ ነው የምናገረው።"

"ተነጋግረን የጨረስነው ነገር ነው እኮ። እኔ ከኪሴ አላወጣሁትም፤ አዋላጇ ናት የነገረችን።"

"ምን ብላ?"

"ሦስት ሰዓት ብላ።"

"ቃሏን ነው የጠየቅሁህ። ምን ብላ?"

መልሱ የመጣው ከሚስቱ ነው፤ ሾርባዋን እያየች፣ በቀጭን ድምፅ። "ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይጠባ እንዳይቆይ ነው ያለችው።"

"ያው ነው" አለ።

"ያው አይደለም" አለች ሚስቱ። ይህን ስትል ራሷም ገና መስማቷ ነበር። "ያው አይደለም። በላይ አይቆይ ነው ያለችው። ከዚያ በፊት አይጥባ አላለችም።"

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። ጆሮው ቀላ። "እሺ፣ ይሁን። ግን ልጁ መቼ አለቀሰ? ቢርበው አያለቅስም ነበር? ሲርበው የማያለቅስ ልጅ አለ?"

"እህትህም አላለቀሰችም" አለች እቴቴ።

እሱ ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት የተመዘገበው፣ መሥሪያ ቤት ቅጽ የሞላው፣ አባቱን የቀበረው አንድ ልጅ ሆኖ ነው።

"የትኛዋ እህቴ?"

እቴቴ ቆማ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ነገረቻቸው። ብዙ አልሆነም። ለአርባ አንድ ዓመት ግዙፍ ሆኖ የኖረባት ነገር ሲወጣ ከስምንት ዐረፍተ ነገር አልበለጠም። ጠባቂዋ ያለችውን፣ ሁለቴ ብቻ መፍቀዳቸውን፣ ጨርቆቹን። "ሥራ በተመለስሁ በሃያ አምስተኛው ቀን ስወጣ እንደ ልማዷ ተኝታ ነበር። ሙገሳዬን ተቀብዬ ይዣት ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ነው እንቅልፍ አለመሆኑ የገባኝ።" ከዚያም ዛሬ ጠዋት ባልዲው ውስጥ ያገኘቻቸውን ሦስቱን ጨርቆች ነገረቻቸው። "እኔን አውሬም በሉኝ፣ ነገ ወደ ቤትሽ ሂጂም በሉኝ። ልጁ እየተኛ አይደለም። እየደከመ ነው።"

ምራትየው እሷ ሳትጨርስ ነው የተነሣችው። መጠቅለያውን ፈታችው፣ ጠራችው፣ ጉንጩን ዳሰሰችው። ዓይኑን አልገለጠም። እቴቴ መጥታ የውስጥ እግሩን በአውራ ጣቷ ጠረግ ጠረግ አደረገችው፤ ፊቱን አኮማተረና ቀጭን፣ እንደ ድመት ግልገል ያለች ድምፅ አወጣ። ሦስቱም በአንዴ ተነፈሱ። "ደረትሽ ላይ አድርጊውና ኮት ደርቢበት፤ አሁኑኑ እንሂድ" አለች። ልጇ በር ላይ ቆሞ ስልክ ይደውላል። "አልመጣም… አይ፣ የሰባት ሰዓቱን እናንተ አስወጡት… እንደፈለጋችሁት አስወጡት።"

ጤና ጣቢያው በታክሲ አሥር ደቂቃ ነው። ሕፃናቱን የምታየው ነርስ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ እጀታዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ሴት ናት። ልጁን ራቁቱን ሚዛን ላይ ስታስቀምጠው ግን ቀልዷን ዋጠች። ሲወለድ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም ነበር። አሁን ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ሰማንያ። አፉን ከፍታ አየች፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ሐኪሙን ጠርታ አሳየች። ሐኪሙ ካየው በኋላ በደንብ መጥባት መቻሉን ቁጭ ብለው እንዲያዩ፣ ካልቻለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል እንደሚልካቸው ነገራቸው።

"በቀን ስንት ጊዜ ይጠባል?" አለች ነርሷ።

"አምስት" አለ አባትየው። "በሰዓቱ" ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

"አምስት! እሱ እኮ ጡረታ የወጣ ሰው አይደለም። በዚህ ዕድሜ ሌሊትና ቀን ስምንቴ፣ አሥሬ፣ አሥራ ሁለቴም ይጠባል። ሆዱ ይህችን ታክላለች" አለችና የሕፃኑን ጡጫ አሳየችው። "ልቅሶውንም አትጠብቁ፤ ልቅሶ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አፉን ሲከፍት፣ እጁን ሲጎርስ፣ ሲፈላልግ፣ ያኔ ነው ተራው። ድክም ብሎ ከተኛ ደግሞ ቀስቅሱት። ክብደቱ እስኪመለስ ቀንም ሆነ ሌሊት ከሦስት ሰዓት አታሳልፉት። አንደኛውን ጡት ራሱ እስኪለቅ ይጥባ፤ በደቂቃ የሚያወርደው የለም። ወተቱ የሚመጣው በጠባ ቁጥር ነው፤ ካልጠባ ጡት የሚፈለግ አይመስለውም።"

ምራትየው እንባዋ ሸሚዟ ላይ ይንጠባጠባል። "ጡቴ ቀለለ ስል ነበር" አለች። "ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።"

"ጎበዝ ነሽ፤ ባትሆኚ እዚህ አትመጪም ነበር። ነይ፣ እጅሽን ታጠቢ።" ወተቷን በእጇ እንዴት እንደምታልብ አሳየቻት። ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ወተት ትንሽ ኩባያ ውስጥ ተጠራቀመ። ነርሷ ሕፃኑን ቀና አድርጋ ይዛ የኩባያውን ጠርዝ ከንፈሩ ላይ አሳረፈችው። አላፈሰሰችበትም፤ ጠበቀችው። ምላሱ ወጣ፣ ነካ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ኩባያው ባዶ ሲሆን ዓይኑን ገለጠ። ጡት ላይ ሲያደርጉት አፉን በሰፊው ከፍቶ ያዘና መጎተት ጀመረ። እቴቴ ከጥጉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ክህ። ቆየት ብሎ፣ ክህ። ክህ። አርባ አንድ ዓመት ዘግይቶ የተሰማ ድምፅ ለማን እንደሚጠቅም አሰበች፤ ከዚያ ማሰቡን ተወችና ማዳመጧን ቀጠለች።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እዚያው ቆዩ፣ ሦስት ጊዜ ጠባ። "ነገ ጠዋት ለሚዛን አምጡት" አለች ነርሷ። "ዛሬ ማታ አልጠባም ካለ፣ ካተኮሰው፣ አልነቃ ካለ፣ ነገን አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል።" ሲመለሱ ታክሲው በአንድ ፌርማታ በኩል አለፈ። ሰልፍ የለም፣ አንድ ሰው እንኳን የለም። ልጇ በመስኮቱ ሲያይ ቆየና ለማንም ሳይሆን ተናገረ። "መኪና የማይመጣበት ቦታ ሰው ቆሞ አይጠብቅም። እኔ ተሳፋሪ የለም እላለሁ።" ሚስቱ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንሥታ ሕፃኑ ጀርባ ላይ አደረገችለት።

ቤት ሲገቡ አመሻሽ ሆኗል። ምራትየው አልጋዋ ላይ ሆና አጠባችው፣ ከዚያም ነርሷ ባሳየቻት መንገድ አልባ በቤታቸው ትንሽ ኩባያ ሰጠችው። እቴቴ ኩባያውን ተቀብላ ወደ ኩሽና ወሰደችው። ልጇ ተከትሏት ገባ። የሚያደርገው ነገር የጠፋበት ሰው ይመስል የደንብ ሸሚዙን እጀታ እየጠቀለለ፣ እየፈታ ቆመ።

"አባዬ ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር። ለልጁ እንዳትነግሪው አለኝ። እኔም አለመናገሩ ደስ አለኝ።"

ውሃው ፈላ። ኩባያውን በሳሙና አጥባ የፈላውን ውሃ አፈሰሰችበት። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው፣ እሷም አልሸሸችውም።

"ስሟ ማን ነበር?" አላት።

አፏ ቅርጹን የረሳው መስሏት ፈርታ ነበር። አልረሳውም። ስሙን ጠራችው፣ አንድ ጊዜ፣ በደንብ እንዲሰማ። እሱም ቀስ ብሎ፣ የአዲስ ሰው ስም እንደሚይዝ ሰው፣ ከእሷ በኋላ አለው። በዚህ መሃል ከመኝታ ቤቱ የምራቷ ድምፅ መጣ፤ ግራ የተጋባ፣ ሊስቅ የዳዳው። "እማማ! ገና አሁን ጠብቶ እንደገና አፉን ይከፍታል፤ ምን ላድርግ?"

"ስጪው!" አለች እቴቴ ጮክ ብላ።

ኩባያውን በንጹሕ ፎጣ አደረቀችው፤ በመስኮቱ በቀረው ብርሃን ከፍ አድርጋ ውስጡን አየችው። ከዚያ ሳህን ላይ ደፋችውና ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገችው።